ድሮም ጥቁር ነሽ

ትርንጎ መሞቷን የነገረችኝ ልጇ ሊአት ናት። ሃይፋ አጠገብ ካለችው ከነሸር ወደ ሥራ በሚወስደኝ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጠራ። «ኢማ፣ እናቴ ሞተች» አለችኝ። ቀጥላ፣ «ነገርኳቸው እኮ! ነገርኳቸው፣ ነገርኳቸው፣ አልሰሙኝም!» እያለች ትጮህ ጀመር።

አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ፊቴን አይቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። አልተቀመጥሁም። እንባ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የመጣው ንዴት ነበር። ዓመታት አለፉ፤ ንዴቱ ግን እንደዚያ ጧት ትኩስ ነው፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም። ስለ ትርንጎ የምጽፈው አንባቢ «ነፍሷን ይማር» ብሎ ገጹን እንዲገልጥ አይደለም። ትርንጎን የገደላት በሽታ ብቻ አይደለም። በሽታዋ መድኃኒት ነበረው፤ መድኃኒቱም ከተቀመጠችበት ወንበር ጥቂት እርምጃ ርቆ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ያወቅኋት ሃይፋ፣ ሀዳር ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ሁለታችንም ሜታፔሌት ነበርን፤ አረጋውያኑን እናጥባለን፣ እናለብሳለን፣ እናጎርሳለን። እኔ ከጦር ሠራዊቱ፣ ከጻባ፣ ከተሰናበትሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። እሷ ከባሏ የተፋታች፣ አንዲት ሴት ልጅ ያላት፣ ኔቬ ዮሴፍ በሚባል ሰፈር ከእናቷ ጋር የምትኖር የአርባ ዓመት ሴት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን «አንቱ» ብላት ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝና፣ «አንቱ እናቴ ናት። እኔን እትዬ በይኝ፣ ይበቃል» አለችኝ።

ትርንጎ ቀይ ዳማ ነበረች። ይህን ልብ በሉልኝ። በእኛ ቋንቋ ቀይ አለ፣ ቀይ ዳማ አለ፣ ጠይም አለ፣ ጥቁር አለ፤ የጠፋ ሰው ስንፈልግ እንኳ መጀመሪያ የምንናገረው መልኩን ነው። ስሟን ያወጡላት እናቷ እማማ ብርቄ ናቸው። «ስትወለድ እንደ ትርንጎ ፍሬ ታበራ ነበር» ይላሉ። በዚህ አገር ግን ለሁላችንም ያለው ቃል አንድ ነው።

ከሌላው ሰው የሚለያት ቁጣዋ ነበር። የሚጮህ ቁጣ አይደለም። ድምፅዋ ዝቅ ይላል፣ የግራ ቅንድቧ ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ ከአፏ የሚወጣውን ቃል ማንም መመለስ አይችልም። አንድ አረጋዊ ስታጥብ አገጩን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ፊቱን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። «እስቲ በብርሃን ልይህ» ትላለች፣ በአማርኛ። የሮማንያውም የፖላንዱም ሽማግሌ ምን እንዳለች ሳይገባው ፊቱን እንደ ሕፃን ይሰጣታል። እኔ ተቻኩዬ ሳጥብ ካየችኝ እጄን ትይዘኛለች። «ማየት ሥራ ነው» ትለኝ ነበር። «ዓይን ስላለሽ ብቻ የምታዪ አይምሰልሽ።»

አንድ ቀን፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ አንድ ሽማግሌ መክሳቱን አየች። የምሳ ሳህኑ እንደመጣ ይመለሳል። ሠራተኞቹ ደግሞ «እምቢ አለ» ብለው ለአለቃችን ይነግራሉ። ትርንጎ በምሳ ሰዓት በሩ ላይ ቆማ ተመለከተች። ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ሽማግሌው ማንኪያውን ያነሳል፣ ሾርባው አፉ ሳይደርስ ደረቱ ላይ ይፈስሳል፣ ያፍርና ማንኪያውን ያስቀምጣል። ሳህን ሰብሳቢዋ መጥታ ሳህኑን ትወስዳለች። በቃ።

ትርንጎ ያን የሾርባ ሳህን አንስታ፣ ኮሪደሩን አቋርጣ፣ አለቃችን ስልክ እያነጋገረች ሳለ ቢሮዋ ገብታ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችው። ማንኪያውን ደግሞ እጇ ላይ አስያዘቻት።

«እጅሽን እያንቀጠቀጥሽ ብዪ» አለቻት።

«ምንድን ነው ይኼ ነገር?» አለች አለቃችን ስልኩን በእጇ ሸፍና።

«እምቢ አላለም። ማንም አላጎረሰውም። እምቢ ያልነው እኛ ነን።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽማግሌውን የምታጎርሰው ራሷ ሆነች። አለቃችን ቂም ያዘችባት፤ የሰንበትና የበዓል ፈረቃ ሁሉ የትርንጎ ሆነ። ትርንጎ ግን ግድ አልሰጣትም። «ትያዝ» አለች። «ሰውዬው በልቷል።»

ሜትሮኒት የሚሉት ረጅሙ አውቶቡስ ሃይፋ ውስጥ ሥራ በጀመረበት ዓመት ትርንጎ መለወጥ ጀመረች። መጀመሪያ ከሳች። ሁሉም ደስ አለው። «ምን ዓይነት ዲዬታ ነው? ለእኛም ንገሪን» ይሏታል። ቀጥሎ ደከመች። ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ትቀመጣለች፤ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች። ሆዴን አመመኝ ትላለች፣ ጧት ጧት ያስመልሳታል። አንድ ቀን ወጥ ቤት ስገባ በኮምጣጤና በጨው የተዘፈዘፈውን ኪያር ትልቅ ቆርቆሮ በሁለት እጇ ይዛ ጨዋማውን ውሃ ስትጠጣ አገኘኋት። ጉሮሮዋ ሲወጣና ሲወርድ ይታያል።

«እትዬ! ምን ነክቶሽ ነው?»

ከንፈሯን ጠረገች። «እኔስ አውቄው ነው? ጨው ካላገኘሁ የምሞት ይመስለኛል።»

ከዚያ ደግሞ መልኳ ተለወጠ። ፀሐይ እንደነካው ሰው አልነበረም። ጥላ ከውስጥ እንደሚወጣ ዓይነት ነገር ነው። የጣቶቿ መገጣጠሚያ ጠቆረ፣ ክርኗ ጠቆረ፣ ድሮ ምድጃ ያቃጠላት ክንዷ ላይ ያለው ጠባሳ እንደ ቀለም ሆነ። መዳፏን ስትዘረጋ መስመሮቹ በከሰል የተሳሉ ይመስላሉ። ሰፈር ውስጥ «ዓይን ነው የበላት» ያሉ ነበሩ። ይህን የሰማች ቀን ደክሟት እንኳ ቅንድቧ ተነሳ። «እዚያ አገር እኛን አይሁዶቹን ነበር ቡዳ የሚሉን» አለች። «እዚህ መጥተን ደግሞ እርስ በርሳችን እንባባል?»

እናቷ ብቻ ናቸው ከመጀመሪያው ቀን ትክክለኛውን የተናገሩ። «ይቺ ልጅ መልኳ ጠፍቷል። መልክ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ሐኪም ይያት።»

ሐኪምማ አይቷታል! በየወሩ ኩፓት ሆሊም የሚሉት ክሊኒክ ትሄድ ነበር። አንዴ ቫይረስ ነው አላት። አንዴ ሥራ በዝቶብሽ ነው። በመጨረሻ፣ «ዕብራይስጤ ስለማይገባው ይሆናል፣ ነይ ተናገሪልኝ» ብላ ይዛኝ ሄደች። ዕብራይስጧ ከእኔ የሚያንስ አልነበረም። ምስክር ፈልጋ ነው።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አይመስልም። ጸጉሩ የሸበተ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር።

«ጠቁሬያለሁ» አለችው ትርንጎ።

«ምን ማለት ነው?»

«ቆዳዬ። እንዲህ አልነበርሁም። ጠቁሬያለሁ።»

ያኔ ቀና ብሎ አያትና ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ጥሩ ቀልድ እንደሰማ ሰው ነው የሳቀው። «ትርንጎ፣ የኔ ውድ፣ አንቺ እኮ ድሮም ጥቁር ነሽ።»

ትርንጎ የታች ከንፈሯን በጣቶቿ ገልብጣ ድዷን አሳየችው። ጥቁር ሰማያዊ ሆኗል።

«ይኼንን አውቀዋለሁ» አለ ደስ ብሎት። «የእናንተ ሴቶች ድዳቸውን ይነቀሳሉ። በእናቶቻችሁ ላይ ብዙ አይቻለሁ።»

«የተነቀሰችው እናቴ ናት። እኔ አልተነቀስሁም።»

«ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ እሺ» አለና ወደ እኔ ዞረ። ስለ እሷ ለእኔ ይነግረኝ ጀመር፤ እሷ እዚያው ተቀምጣ! ከኢትዮጵያ የመጡ ሴቶች ሐዘናቸው በሰውነታቸው እንደሚወጣ፣ ልባቸው ሲያዝን ሆዴን፣ ራሴን እንደሚሉ፣ ባሏን መፍታቷም ቀላል ነገር እንዳልሆነ አስረዳኝ። ለሐዘን የሚሆን ኪኒን አዘዘላት። ክንዷን አልነካም። መዳፏን አላየም። የደም ግፊቷን እንኳ ተቀምጣ እንጂ ቆማ አልለካትም።

ውጭ ስንወጣ ትርንጎ የቆሻሻ መጣያውን በእግሯ መታችው። ጉልበት ስላልነበራት አልተንቀሳቀሰም። እሷ ናት ወደ ኋላ የተንገዳገደችው። ይዤ አስቀመጥኋት።

«አላዘንሁም» አለችኝ። «ንገሪኝ እስቲ፣ እኔ ያዘንሁ እመስልሻለሁ?»

«አትመስይም።»

«ታምሜያለሁ። መታመሜን ራሱ ነጠቀኝ።»

ከሳምንታት በኋላ ትርንጎ አንዲት አሮጊት ስታጥብ ወደቀች። አሮጊቷ ጮኸች፣ ሮጠን ገባን፣ ትርንጎ እርጥቡ ወለል ላይ ዓይኗን ገልብጣ ተኝታለች። አብሬያት በአምቡላንስ ሄድሁ። የድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ ከገሊላ መንደሮች የመጣ አንድ ወጣት አረብ ነበር። ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት የቀላ። የደም ግፊቷን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። እጇን ሲያነሳ መዳፏ ላይ ቆመ። አገላበጠው። መብራቱን አቀረበ። ቀጥሎም እስከዚያ ቀን አንድም ሰው ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ጓደኛሽ ናት? ድሮም መልኳ እንዲህ ነበር?»

«አልነበረም!» አልሁት። ጮኼ ነው መሰለኝ፣ ነርሷ ዞረች። ስልኬን አውጥቼ ባለፈው ዓመት በፑሪም በዓል ሥራ ቦታ የተነሳነውን ፎቶግራፍ አሳየሁት። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እሷን አየ። ከንፈሯን ቀስ ብሎ ገለጠ። የክንዷን ጠባሳ በጣቱ ነካው። «ጨው ያምራታል?» አለኝ። የኪያሩን ውሃ ነገርሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተና ነርሷን እየተጣራ ሮጠ።

ከኩላሊት በላይ የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ሰውነት ሲታመም፣ ሲደነግጥ፣ ሲጾም ደግፎ የሚያቆመውን ሆርሞን የሚያመነጩ እነሱ ናቸው። የትርንጎ ዕጢዎች ደርቀው ነበር። አዲሰን የሚባል በሽታ ነው። ዕጢዎቹ ሲዝሉ አንጎል ሥሩ፣ ሥሩ እያለ ያለማቋረጥ ትእዛዝ ይልካል፤ ቆዳውን የሚያጠቁረው ያ ትእዛዝ ነው። ድድ፣ የመዳፍ መስመር፣ ጠባሳ፣ የጣት መገጣጠሚያ ይጠቁራል። በነጭ ሰው ላይ ጎረቤት ሳይቀር ያየዋል። በእኛ ላይ ግን ለማየት መጀመሪያ እኛን ማየት ያስፈልጋል።

የጎደላትን ሆርሞንና የጨው ውሃ በደም ሥሯ ሲሰጧት በዚያው ቀን ተነስታ ተቀመጠች። «ራበኝ» አለች። እማማ ብርቄ የልጃቸውን እግር አቅፈው አለቀሱ። ወጣቱ ሐኪም ሲመጣ ትርንጎ አገጩን በሁለት ጣቷ ይዛ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረችው። «አንተ ደግሞ ተኛ» አለችው። «መልክህ ጠፍቷል።»

ኪኒኗን እየወሰደች መልኳ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እንደ ድሮው ባይሆንም ቀይ ዳማዋ ወጣ። በእግሯ መሄድ በቻለች ጊዜ መጀመሪያ የሄደችው ወደዚያ ሐኪም ነው። ቀጠሮ አልያዘችም። በሩ ሲከፈት ገባች፣ እኔም ተከትያት ገባሁ።

«አስታወስከኝ?»

«በእርግጥ! ሰማሁ፣ ሰማሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሻለሽ።»

«እግዚአብሔርን ተወው። ለምን አላየኸኝም?»

ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «ተረጂኝ፣ በጣም ብርቅ በሽታ ነው። ሐኪም በዕድሜው አንዴ ቢያይ ነው።»

«በሽታው ብርቅ ይሁን። እኔ ብርቅ አይደለሁም። በየወሩ እመጣ ነበር።»

«እንደናንተ ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ለማየት ከባድ ነው…»

«እኔ ጠቁሬያለሁ ብዬ ነገርሁህ። ማየት ቢከብድህ መስማት ምን ከበደህ?»

ሐኪሙ ይቅርታ አለ። ሲል ግን ዓይኑ በሩን ያይ ነበር፤ ሌላ ታካሚ ይጠብቀዋል። ትርንጎ ያንን አየች። ይቅርታውን አልተቀበለችም፣ አልመለሰችም፤ በሩን ክፍት ትታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ያላት ነገር፣ «ዳንሽ፣ እንግዲህ ተይው» ነበር። አልተወችውም። በየሰፈሩ የእኛ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ሞአዶን እየሄደች ከንፈሯን ገልብጣ ታሳያለች። «መልካችሁ ሲለወጥ ዝም አትበሉ። አንገት ሲያብጥ፣ ጸጉር ሲረግፍ፣ ላብ ሲበዛ፣ ውሃ ውሃ ሲል፣ ተናገሩ። ሐኪሙ ካልሰማ ሌላ ሐኪም አለ። ደግሞ ብቻችሁን አትሂዱ!» አንዳንዶቹ ያፍሩባታል። ሴት ልጅ አፏን በሰው ፊት አትገለብጥም ያሏትም አሉ።

ቁጣዋ ለሐኪሞች ብቻ አልነበረም። ኔቬ ዮሴፍ ውስጥ ሚካል የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። በነሐሴ ሙቀት፣ ሰው ልብሱ ከገላው እየተጣበቀ ሲቸገር፣ ሚካል ረጅም እጅጌና ጓንት ታደርጋለች። እጇ ላይና አንገቷ ላይ ነጫጭ ቦታ ወጥቶባት ነበር። ለምጥ ነው። እናቷ ደብቃታለች። ኦሪት ላይ ለምጽ ያለበት ሰው ከሰፈር ይውጣ ስለሚል፣ የሚያጉረመርሙ ሽማግሌዎች ነበሩ። አንድ የበዓል ቀን በሞአዶኑ ሚካል ለእንግዶች ዳቦ እንድታዞር ታዘዘች፤ ጓንቷን አውልቃ መሶቡን አነሳች። አንድ ሽማግሌ እጁን ሰበሰበ። «ሌላ ሰው ያምጣልኝ» አለ። ልጅቷ መሶቡን እንደያዘች ቀረች። እናቷ መሬት መሬት ታያለች።

ትርንጎ ከወንዶቹ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ሚካል፣ አጉርሽኝ።»

ልጅቷ ቆርሳ አጎረሰቻት። ትርንጎ እያየቻቸው ቀስ ብላ አኘከች፣ ዋጠች። «ድገሚኝ» አለች። ሁለተኛውን ስትውጥ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አባባ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ይኼ ቀለም ነው። የቆዳዋ ቀለም ሸሽቶ ነው፤ አይጋባም፣ አያቆሽሽም፣ ኦሪት የሚለው ነገርም አይደለም። በቆዳችን ቀለም ስንት አየን! ደግሞ እኛው በልጆቻችን ላይ እንጀምር?»

ሽማግሌው ዳቦውን አልበላም። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አይስተካከልም። የሚካል እናት ግን በሳምንቱ ልጇን ይዛ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄደች፤ አብራት የሄደችው ትርንጎ ናት። ሐኪሟ ቅባትና የብርሃን ሕክምና ሰጠቻት። ከዚያ በላይ ግን ለልጅቱ የጠቀማት ሐኪሟ እጇን በባዶ እጇ መያዟ ይመስለኛል።

እንዲህ እያለች ዓመታት ኖረች። ኪኒኑን በሰዓቱ ትውጣለች፤ ትኩሳት ሲይዛት እጥፍ ትውጣለች። የሚያስፈራው ማስመለስ ነው፤ ኪኒኑ ሆድ ውስጥ ካልቆየ መርፌ ያስፈልጋል፣ ያውም ቶሎ። መርፌውን ቤት ይዛ እንድትቀመጥ ለምና ነበር። «ሐኪም ቤት ቅርብሽ ነው፣ ምን ያደርግልሻል» ብለው አልሰጧትም።

የመጨረሻውን ቀን ሊአት ናት የነገረችኝ። ሰንበት ማታ ነው። ሰፈሩን ያዳረሰ የሆድ ሕመም ነበር፤ ትርንጎንም ያዛት። ኪኒኗን ዋጠች፣ አስመለሰችው። ደገመች፣ አስመለሰችው። ሊአት ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ወሰደቻት። ትርንጎ በእግሯ ነው የገባችው። መቀበያው ላይ ላለችው ነርስ፣ «አዲሰን አለብኝ፣ አስመልሶኛል፣ ሃይድሮኮርቲዞን መርፌ አሁን ያስፈልገኛል» አለቻት፣ በጥሩ ዕብራይስጥ። የእጇ አንጓ ላይ በሽታዋ የተጻፈበት አምባር ነበር። ነርሷ የደም ግፊት ስትለካ አምባሩ መንገድ ስለዘጋባት ወደ ላይ ገፋ አደረገችው። አላነበበችውም።

«ጊቬሬት፣ እመቤት፣ እዚህ ያለው ሁሉ ታሟል» አለቻት። «ሆድሽን ነው። ተቀመጪ፣ ይጠሩሻል።»

ተቀመጠች። ሊአት ሄዳ ነገረቻቸው። ተመልሳ ሄዳ ነገረቻቸው። ትርንጎ ማላብ ጀመረች፣ ንግግሯ ተሳሰረ። ሊአት ጮኸች። ጠባቂ መጣ። «ከጮህሽ ትወጫለሽ» አላት። ጮኸች። ክንዷን ይዞ አስወጣት። እናቷ ወንበር ላይ ስትቀር፣ ልጅቷ ከመስተዋቱ በር ውጭ ቆማ እያየች መስተዋቱን ትደበድብ ነበር። አንድ ሐኪም ሲወጣ ለምናው ስትገባ ትርንጎ ጭንቅላቷ ደረቷ ላይ ወድቋል። አጠገቧ የተቀመጡት የተኛች መስሏቸው ነበር። ያኔ ሁሉም ሮጠ። ያኔ መርፌው ወዲያው ተገኘ።

በለቅሶው ቤት አንድ ሰው፣ ለማጽናናት ብሎ፣ «እግዜር የፈቀደው ነው» አለ። እማማ ብርቄ ቀና አሉ። «እግዜር ወንበር ላይ አላስቀመጣትም» አሉት። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ውስጥ ማንም እግዜርን አላነሳም።

ቤተሰቡ አቤት አለ። ከወራት በኋላ ሐኪም ቤቱ ለስብሰባ ጠራን። እኔ የሄድሁት ለእማማ ብርቄ ለመተርጎም ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ውሃ፣ ብስኩት፣ እና ሦስት ሰዎች። በሐዘናችን እንደሚካፈሉ፣ ዕለቱ የተጨናነቀ እንደነበረ፣ አሠራሩ በሙሉ መጠበቁን፣ ሆኖም ትምህርት እንደሚወሰድበት ተናገሩ። ሊአት ከንፈሯን ነከሰች። እማማ ብርቄ ነጠላቸውን አስተካክለው ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ጨረሱ?» አሉኝ።

«ጨርሰዋል፣ እማማ።»

«አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ልጄ ወንበሩ ላይ ሳለች ስንት ሰው አለፋት?»

ተረጎምሁ። ሦስቱ ተያዩ። መሐል የተቀመጠው፣ «ይህ የሕክምና ጥያቄ አይደለም» አለ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«አያውቁም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ምን ሊነግሩን ጠሩን?» ብለው ተነሱ። ብስኩቱን አልነካነውም።

ስንወጣ በድንገተኛ ክፍሉ በኩል ነው መንገዱ። በሩ ክፍት ነበር። ሰው በየወንበሩ ተቀምጧል። እማማ ብርቄ ቆሙ። ሊአት «ሳቭታ፣ አያቴ፣ እንሂድ» ብላ እጃቸውን ስትይዝ ለቀቅ አድርገው ገቡ። መጀመሪያው ወንበር ላይ ሆዱን የያዘ አንድ ሩሲያዊ ሽማግሌ አለ። ወደ ፊቱ ጎንበስ አሉ።

«ወንድሜ፣ ሐኪም አይቶሃል?» አሉት በአማርኛ።

ሽማግሌው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። ተረጎምሁለት። ራሱን ነቀነቀ፤ ከጧት ጀምሮ አላየኝም አለ። ሁለተኛው ወንበር ላይ ሕፃን ያቀፈች አረብ ሴት። «አንቺንስ፣ ልጄ፣ አይተውሻል?» ተረጎምሁ። አላዩኝም አለች። ሦስተኛውን ጠየቁ። አራተኛውን ጠየቁ። ሊአት እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ከኋላቸው ተከተለች፤ ቀጥላ እሷም በሌላኛው ረድፍ ትጠይቅ ጀመር። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ቀና አለ። ከመቀበያው ጀርባ ያለችው ነርስ ተነስታ ቆመች።

እማማ ብርቄ ወደ እሷ ዞረው ዱላቸውን ወደ ሩሲያዊው ሽማግሌ ዘረጉ።

«ይኼን ሰውዬ እዪው» አሉ። «አሁን እዪው። እዚህ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

ጠባቂው እየመጣ ነበር። ነርሷ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። ጮክ ብዬ፣ ክፍሉ በሙሉ እንዲሰማ፣ ቃል ሳልቀንስ ተረጎምሁላት። ጠባቂው ክንዴን ሲይዘኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምሁት።